ቁርጡን ፍለጋ

ደሴ ላይ ወሬ ከሳይክል ይፈጥናል። እንድሪስ ኡሙሰልማን እንደሚወድ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ያልሰማ አልነበረም፤ መጨረሻ የሰሙት የልጅቷ አባት ሀጂ ኑርሁሴን ናቸው። እሳቸውም የሰሙት በሽማግሌ አፍ ነው፣ በ1981 ዓ.ም. በጥር ወር።

ሀጂ ኑርሁሴን ሽማግሌዎቹን በአክብሮት አዳመጡና ሁለት ነገር ተናገሩ። አንደኛው «ለሁለት ጎማ ልጅ አልሰጥም» የሚል ነበር። ሰውየው በደጉ ዘመን ሦስት ደጃፍ ያለው የጨርቅ መደብር የነበራቸው፣ መደብሩ በአዋጅ ሲወረስም ኩራታቸው ያልተወረሰባቸው ናቸው። እንድሪስ ደግሞ የገበሬ ልጅ ነው፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ክር ያጠነጥናል፣ እሁድ እሁድ ለፋብሪካው ቡድን ሳይክል ይነዳል። «ሁለት ጎማ» የምትለዋ ቃል በማግስቱ ቅጽል ስሙ ሆና ገበያ ወጣች። ደሴ እንዲህ ያለ ነገር አግኝታ መቼ ታልፍና!

ሁለተኛው ንግግራቸው ግን ማንንም አላሳቀም። «ልጄ ጀማሉዲን ከሰሜን ደብዳቤ ካቋረጠ ዓመት ሊሞላው ነው» አሉ። «አለ ወይ የለም የሚል ቁርጥ ሳልሰማ በዚህ ቤት እልልታ አይሰማም። ወላሂ አይሰማም።» ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። በዚያ ዘመን ልጁን ለብሔራዊ ውትድርና ያልሰጠ ቤት ጥቂት ነበር።

እንድሪስና ኡሙሰልማ የተያዩት አምና ነው። በሐረጎ ቁልቁለት ውድድር ላይ እንድሪስ ከመታጠፊያው ወጥቶ ጠጠር ላይ ተዘረረ፤ ቁስሉን እንድታጥብ የደረሰችው የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ኡሙሰልማ ነበረች። ሥራዋ አስተማሪነት ነው፤ የሰው ቁስል ስታይ ግን ፊቷን አታዞርም። ጠጠሩን ከጉልበቱ ላይ አንድ በአንድ ስትለቅም እሱ ሽፋሽፍቷን ያያል።

«ያማል?» አለችው።

«እኔ እንጃ» አለ፤ እውነቱን ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ከኮምቦልቻ ሐረጎን እየወጣ ይለማመዳል። ትምህርት ቤቱ በሚለቀቅበት ሰዓት በበሩ በኩል ሲያልፍ ደወሉን አንድ ጊዜ ያቃጭላል፤ እሷ ሻሿን ታስተካክላለች። አደባባይ ላይ የሚነጋገሩት ይህን ያህል ነው። የቀረውን በደብዳቤ ይጨርሱታል፤ ሽማግሌዎቹ ከተመለሱ በኋላም ደብዳቤው አልቆመም። እንዲያውም ጨመረ፤ ፍቅርን በር ቢዘጉበት በመስኮት ይገባል።

በመጋቢት አንድ ሐሙስ ግን ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ደረሰው።

«እንድሪሴ፣ እንደምን ከርመሃል። ከተንታ የመጣች ቅቤ ሻጭ ለእማ እንዲህ አለቻት፤ ሞላልኝ የሚባል ወታደር ቆስሎ እናቱ ቤት ገብቷል። ከጀማል ጋር አንድ ሻለቃ ውስጥ ነበሩ። ሆዱን ስለተመታ ብዙ አይቆይም አሉ። አባባ ልሂድ ብለው ቢነሱ ቀበሌው የይለፍ ወረቀት ከለከላቸው፤ መኪናውም ሁሉ ለጦሩ ተወስዷል። እማ እህል ካልቀመሰች ሦስት ቀኗ ነው። በር በሩን ታያለች። የምነግረው ሰው ባጣ ላንተ ጻፍኩ። እሁድ ውድድርህ ነው፣ ዱዓ አደርግልሃለሁ። አደራ፣ ሌላ ነገር እንዳታስብ። ያንተዋ ኡሙ።»

«ሌላ ነገር እንዳታስብ» የሚል ደብዳቤ ሌላ ነገር ለማሳሰብ የተጻፈ ነው የሚል ይኖራል። እኔ አልፈርድባትም፤ እሱም አልፈረደባትም። ደብዳቤውን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና የሳይክሉን ካቴና በዘይት ማሸት ጀመረ።

የእሁዱ ውድድር ግን ተራ ውድድር አልነበረም። የቡድኑ ኃላፊ ደምመላሽ ልጆቹን ሰብስቦ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ከአንድ እስከ ሦስት የወጣ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ስሙም ከዘማቾች ዝርዝር ይሰረዛል። የእንድሪስ ስም ዝርዝሩ ላይ ነበር። ተንታ ደርሶ መመለስ ለደኅና ጋላቢ ሁለት ቀን ነው፤ አርብ ሄዶ ቅዳሜ ማታ ቢመለስ እሁድ በደከመ እግርም ቢሆን ይወዳደራል። እንዲህ ብሎ አሰበ። ያፈቀረ ሰው ሒሳብ ሲሠራ መንገድ ሁሉ ያጥርለታል።

አርብ ጎህ ሲቀድ ሐረጎን ወጥቶ ጨረሰ። የፋብሪካውን ቀይ ማልያ ለብሷል፤ የጀርባ ኪሱ ውስጥ ቆሎ፣ የጎማ መለጠፊያና ማስቲሽ ይዟል። በቧንቧ ውሃ በኩል ሲያልፍ የኡሙሰልማ መስኮት ገና እንደተዘጋ ነው። ደወሉን አላቃጨለም። ብትሰማው «አትሂድ» ትለዋለች፤ ወይም አትለውም። የቱ እንደሚከፋው አላወቀም፤ ስለዚህ ዝም ብሎ አለፈ።

አስፋልቱ ከከተማው ጋር ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ኮረኮንች ነው። ቦሩ ሜዳን በብርዱ አቋረጠ። ኩታበር ላይ ገመድ የተወጠረበት ኬላ አለ።

«ወዴት ነው?» አለው ጠባቂው።

«ልምምድ ላይ ነኝ፤ እሁድ ውድድር አለ።»

«በርታ! እንዳታሳፍረን» አለና ገመዱን ዝቅ አደረገለት። አባት የልጁን ነገር ልጠይቅ ብሎ ወረቀት በተከለከለበት አገር፣ ቀይ ማልያ የለበሰ ውሸታም ያለ ወረቀት አለፈ።

ከኩታበር ወዲያ መንገዱ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ማለቂያ የለውም። ደጋው ከኋላ ይቀርና ሙቀቱ ከታች ይቀበላል። ኮረብቶቹ ራቁታቸውን ናቸው፤ ያላቸው ቁልቋልና እሾህ፣ ድንጋይና ድንጋይ ብቻ። በጠጠር ላይ የፊት ፍሬን የያዘ ጥርሱን ይለቅማል ይላሉ ጋላቢዎች፤ እንድሪስ ክርኑን ልል አድርጎ፣ የጭነት መኪና ያረሰውን ቦይ እየተከተለ፣ በኋላ ፍሬን ብቻ ወረደ። በመንገዱ ዳር ጣሪያቸው የረገፈ ቤቶች ነበሩ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሰዎቹ እህል ፍለጋ ወጥተው አልተመለሱም። አንዱ ቤት በሩ እስካሁን በገመድ እንደታሰረ ነው፤ ተመልሰው የሚመጡ መስሏቸው ያሰሩት። እንድሪስ ያንን ገመድ ካየ በኋላ የኡሙሰልማ እናት የወይዘሮ ሐዋ ዓይን ከፊቱ አልጠፋ አለው። ሳያስበው ፔዳሉን ጠበቅ አደረገ።

እሾህ ሁለት ጊዜ ጎማውን በሳው፤ ሁለቴ ለጠፈ። ማስቲሹ አለቀ። ሸለቆውን ተሻግሮ የተንታን አቀበት ሲጀምር ሳይክሉ አላስኬድ ስላለው በትከሻው ተሸከመው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መቅደላ አምባ ብቻውን ቆሞ ታየው። በልጅነቱ ሽማግሌዎች ያንን አምባ ከሩቅ እያሳዩ፣ ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብሎ የሞተው እዚያ ነው ይሉት ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ልቡ በኩራት ይሞላ ነበር። የዛሬው ሐሳቡ ግን ሌላ ሆነ። ቢያንስ የሱ መሞቻ ይታወቃል አለ በልቡ፤ ከዚያ ደግሞ እንዲህ በማሰቡ ፈራ።

የሞላልኝ እናት ሲመሽበት ተቀበሉት። ልጃቸው ትኩሳት ላይ ነበር፤ በዚያ ምሽት ማንንም አላወቀም። እንድሪስ ቅዳሜን ከእግሩ ሥር ተቀምጦ ጠበቀ። ጠዋቱ ሄደ፣ ቀትር ሆነ፤ እሁድ ከእጁ ስታመልጥ እያያት ቁጭ አለ። ከቀትር በኋላ ሞላልኝ ዓይኑን ገለጠ።

«አንተ የጀማል ወንድም ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምኑ ነህ?»

እንድሪስ ተንተባተበ። «እህቱን… እህቱን የምወድ ነኝ።»

ሞላልኝ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ወዲያው ፈገግታው ጠፋና ጣሪያውን ያይ ጀመር። «አምና በመጋቢት ነው» አለ። «ስናፈገፍግ ጠዋት ተመታ፤ ከሰዓት በኋላ አለፈ። አጠገቡ ነበርኩ። እኔው ነኝ የቀበርኩት።»

እናትየው ከበሩ ሥር አማተቡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ሞላልኝ። «አንተ እስላም ነህ፣ ታውቃለህ። እኔ ደንባችሁን አላውቅም። ሲሰግድ ወደሚዞርበት ፊቱን አዞርኩት። ትክክል ነው? አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ዓመቱን ሙሉ…»

እንድሪስ እንባውን መያዝ አልቻለም። «ትክክል ነው» አለ። «አላህ ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። ትክክል ነው።»

ሞላልኝ ከትራሱ ሥር ነጭ ክር ኮፍያ አውጥቶ እጁ ላይ አኖረለት። ዳሩ በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ ነው፤ የወይዘሮ ሐዋ እጅ ሥራ። «አደራህን» አለው። «ቁርጡን ለእናቱ ንገር። እናቴ እኔን እንዲህም ሆኜ አግኝታኛለች። የሱ እናት ግን ትጠብቃለች። ሰው የሞተ ልጅ ሲጠብቅ ማየት አልችልም፤ አደራ።»

«አደራ» አለ እንድሪስ። በወሎ ምድር ይህን ቃል ከተቀበሉት በኋላ ማምለጫ የለውም፤ አፉ ሲናገረው ልቡ ከበደው።

ቅዳሜ ማታ ሲመለስ ሸለቆው ውስጥ የኋላ ጎማው ተተረተረ። ማስቲሽ የለ፣ መለጠፊያ የለ። አንድ ገበሬ ቤት አደረና እሁድ ሲነጋ ጎማውን ከፍቶ ድርቆሽ ጠቀጠቀበት፤ የድሮ ጋላቢዎች መላ ነው። በድርቆሽ ጎማ ኮረኮንች ላይ መንዳት አጥንትን ይፈጫል። አቀበቱን እየገፋ፣ ሜዳውን እየነዳ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ደሴ መግቢያ ደረሰ።

ውድድሩ ከሐይቅ ተመልሶ የሚያልቀው በዚያው በር ነበር። ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተሰልፏል። በቀይ ማልያው፣ አቧራ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ ብቅ ሲል ከኋላ የቀረ ተወዳዳሪ መሰላቸው። ጭብጨባው ቀለጠ። «አይዞህ! አብሽር!» አሉት። «ሁለት ጎማ መጣ! አይዞህ፣ ለከርሞ ይሁንልህ!» ሴቶቹ ሳቁ። እሱ ደረቱ ላይ የሟች ኮፍያ ይዞ በጭብጨባ መሐል አለፈ። በሕይወቱ እንደዚያች ሰዓት ያፈረበት ጊዜ የለም።

ኡሙሰልማ በክንዷ የቀይ መስቀል ጨርቅ አስራ፣ የውሃ ጆግ ይዛ መድረሻው ላይ ቆማለች። ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ገብተዋል፤ እሱን ፈልጋ ፈልጋ አጥታዋለች። ስታየው ሮጠች። መጀመሪያ ያየችው ፊቱን ነው፤ ቀጥሎ ከጎማው የወጣውን ድርቆሽ።

«የት ነው የነበርከው?»

«ተንታ።»

ጆጉ ከእጇ ወደቀ። «ሄድክ? እሁድህን ትተህ… አገኘኸው? ጀማልስ? ጀማልስ አለ?»

ደንቡን እንድሪስ ያውቃል። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ለብቻ አይነገርም። ማለዳ፣ በቤቱ፣ በሽማግሌ አፍ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። ከዚያ በፊት የጠየቀ ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። አያቶቹ ሲሉ የሰማው፣ አባቱም ያሉት ያ ቃል ሳያዝበት ከአፉ ወጣ።

«ታሟል» አለ። «ትንሽ… ታሟል።»

ይህ ቃል እንዲህ ባለ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። እሷም ለሌላ ሰው ሲነገር ብትሰማ ኖሮ ወዲያው ደረቷን ትደቃ ነበር። ግን ዓመት ሙሉ የተጠማ ሰው ጥሬ ውሃ ነው፣ የፈላ ነው ብሎ አይመርጥም። ኡሙሰልማ ከተነገራት ውስጥ የሰማችው «አለ» የሚለውን ብቻ ነው፤ እሱ ያላለውን።

«ሆስፒታል ነው? ቆስሎ ነው አይደል? አለ አይደል!» እጁን በሁለት እጇ ያዘች፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ የሀጂ ኑርሁሴን ልጅ! ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ ሳቀ። «አላህ ይስጥህ፣ አላህ ያክብርህ! እማ… እማ ትብላ!» ብላ ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች።

«ኡሙ! ኡሙ፣ ቆይ!»

ሊከተላት ጥቂት እርምጃ ሄደ፤ አልደረሰባትም። መንገዱ ላይ ተቀመጠ። ደስታዋን ከኋላዋ እያየ፣ ይህን ደስታ እኔው ሰጠኋት፣ እኔው እነጥቃታለሁ አለ በልቡ። አለቀሰ፤ የተሸነፈበት ውድድር መስሏቸው ሰዎች ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ደምመላሽ መጥቶ ከላዩ ቆመ። ተቆጥቶ ነበር፤ ፊቱን ሲያይ ቁጣው በረደ። «ስምህ እንዳለ ነው» አለው በዝግታ። «እኔ ምንም ላደርግልህ አልችልም፣ ወንድሜ። ረቡዕ መኪና ይመጣል።» እንድሪስ ራሱን ነቀነቀ። ስለ ረቡዕ ለማዘን እንኳ ቦታ አልቀረውም ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ደሴ ያሉት አጎቱ ሼህ ዘይኑልአቢዲን ቤት ተቀምጦ እያለ የኡሙሰልማ ጎረቤት መዲና በጥድፊያ ደብዳቤ አመጣችለት።

«እንድሪሴ፣ እማ እልል አለች! ሰፈሩ ሁሉ መጣ። በላች እኮ፣ በእጄ አጎረስኳት። አባባ ሳቁ። ሲስቁ አንድ ጥርሳቸው እንደወለቀ ዛሬ ነው ያየሁት፤ ለካ ስንት ጊዜ አልሳቁም። ‹ልጄ ካለ ሌላው ሁሉ ይሆናል፤ ያንን ልጅ እኔ በጎማ መዘንኩት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ› አሉ። ነገ በማለዳ ሽማግሌዎችህ ይምጡ ብለዋል። ረቡዕ የሚባለውንም ሰምተው፣ ሳትሄድ ኒካ ይታሰር አሉ። ፈራሁ፤ ይህን ያህል ደስታ በአንድ ቀን ገጥሞኝ አያውቅም። ያንተዋ፣ አሁን እውነት ያንተዋ፣ ኡሙ።»

ሼህ ዘይኑልአቢዲን የተንታውን ነገር ሰምተው ነበር። ደብዳቤውን ሲያስነብባቸው ረጅም ጊዜ ጺማቸውን ዳሰሱ።

«ስማኝ ልጄ» አሉ። «ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ የአባቶቻችን ደንብ ነው። ሰርግ ያለበት ቤት መርዶ አይገባም። ደስታው እስኪያልፍ ይቆያል፣ ከዚያ ይነገራል። ነገ ኒካው ይታሰር።»

«አጎቴ፣ እንዴት ብዬ…»

«የሞተ አይቸኩልም። አንተ ግን ረቡዕ ትሄዳለህ።»

«ከዚያስ ማን ይነግራቸዋል?»

«እኔ። አርባ ቀን ይለፍና እኔው እገባለሁ።»

«እሷስ ምን ትለኛለች?»

«ሚስትህ ትሆናለች» አሉ ሼህ። «የፈለገችውን ትበልህ።»

እንድሪስ ለምን ይዋሻል፣ ፈለጋት። ረቡዕ መኪና ላይ ሲወጣ ሚስት ያለው ሰው ሆኖ መውጣት ፈለገ፤ ሁለት ቀን እንኳ የእሱ ብትሆን፣ ሻሿን ፈትታ ፀጉሯን ቢያየው። ደንቡም ከጎኑ ነበር። ማንም በዳይ አይለውም። ዝም ሲል አጎቱ ዝምታውን እሺታ አድርገው ወሰዱትና ሁለት ሽማግሌ ሊጠሩ ወጡ። እንድሪስ ብቻውን ሲቀር ኮፍያውን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። ቀለል ያለች ነገር ናት፤ በእጅ ሲይዟት ያለች አትመስልም።

ሰኞ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች ወደ ቧንቧ ውሃ ተነሱ። «አንተ እዚሁ ቆይ» አሉት አጎቱ። ቆየ፤ ጥቂት። ከዚያ ተከተላቸው፣ በእግሩ፣ ከሩቅ። በመንገዱ ላይ አሥር ጊዜ ቆመ። ልመለስ አለ፤ ሁለት ቀን ነው፣ ሁለት ቀን ብቻ አለ። ሞላልኝ ምናልባት አሁን ሞቷል፤ ማን ይጠይቀኛል አለ። እግሩ ግን አልሰማውም።

የሀጂ ኑርሁሴን ግቢ ተጠርጓል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከውስጥ የሴቶች ጨዋታ ይሰማል። ሀጂ ነጭ በነጭ ለብሰው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ልማዱ ሽማግሌ ቆሞ እንዲለምን ነው፤ እሳቸው ግን አልጠበቁም።

«ግቡ! ግቡ በአላህ፣ ዛሬ ቆሞ መለመን የለም!» አሉና ሼህን ክንዳቸውን ይዘው አስገቡ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ወይዘሮ ሐዋ በትልቅ ሳህን ገንፎ ይዘው ከጓዳ ወጡ፤ ፊታቸው በአንድ ቀን ደም መስሏል። ኡሙሰልማ አዲስ ሻሽ አስራ ጓዳው በር ላይ ቆማለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። ሼህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ሀጂ፣ ልጃችንን ልጅ አድርጉልን፣ ልጃችሁን ልጅ እናድርግ ብለን…»

እንድሪስ በሩ ላይ ቆመ።

ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «ችኩል!» አሉ ሀጂ በደስታ። «ረቡዕ አስቸኮለው! ግባ ልጄ፣ ግባ፣ ቤትህ ነው።» ወይዘሮ ሐዋም ሳህኑን አኑረው፣ «ይምጣልኝ፣ የልጄን ወሬ በአፉ ልስማ» አሉ። ሼህ ብቻ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ኡሙሰልማ ቀና አለች። ፈገግታው ከንፈሯ ላይ ጀምሮ ነበር። ዓይኑን አየች። ከዚያ እጁን አየች፤ አረንጓዴ ዳር ያላትን ኮፍያ። ፈገግታው አልጠፋም፣ ባለበት ደረቀ። እንድሪስ በዚያች ቅጽበት እንደወደዳት ከዚያ በፊት ወዷት አያውቅም፤ እንዳጣትም ያን ጊዜ አወቀ። የጠላችው መሰለው። ይህን ሁሉ ሰው ሰብስቦ፣ እናቷን እልል አሰኝቶ፣ አሁን…

አልጮኸችም። መርዶ ሲነገር እናትን ከኋላ የሚደግፍ ጠንካራ ሰው ያስፈልጋል፤ መሬት እንዳትወድቅ፣ ፊቷን እንዳትቧጭር። ጎረቤት አስቀድሞ ይዘጋጅበታል። እዚያ ቤት የተዘጋጀ አልነበረም። ኡሙሰልማ በሴቶቹ መሐል ሰንጥቃ ሄደችና ከወይዘሮ ሐዋ ኋላ ቆመች። ሁለት ክንዷን በእናቷ ወገብ ዙሪያ አሳልፋ፣ ጣቶቿን ከፊት ለፊት ቆልፋ፣ ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት።

ወይዘሮ ሐዋ ሳቁ። «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ፣ በሰው ፊት!» አሉ፤ የደስታ እቅፍ መስሏቸው እጇን እየደባበሱ።

ኡሙሰልማ አገጯን በእናቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ሆና እንድሪስን አየችው፤ እንባዋ እየወረደ ነው፣ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ይዣታለሁ» አለችው። «ተናገር።»